በብር የተገዛ ተከታይ ስም አያቆምም

በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ዛሬ የመጀመሪያ ሱቁን የሚከፍተው በስልኩ ላይ ነው። የእኛዋ የቡም እንደዚያው ናት። አንዷ ሹሩባ ስትሠራ ቀርፃ ቲክቶክ ላይ ትለጥፋለች፤ ሌላው የቤተሰቡን ቡና ቆልቶ፣ አስፈጭቶና አሽጎ በቴሌግራም ይሸጣል፤ ከጤና ኮሌጅ የወጣችው ደግሞ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ስለ እርግዝና ክትትል ታስረዳለች። ኪራይ የለበት፣ ደላላ የለበት። ቀጣሪ እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ ከመቀመጥ ይህ በብዙ ይሻላል።

በትንሽ ከተማ የነርስ ቤት ጡረታ ከወጣችም በኋላ አይዘጋም። ሰው የሚነግራት ሕመሙን ብቻ አይደለም፤ ጭንቀቱንም ይዞ ይመጣል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሦስት ወጣቶች በተለያየ ቀን አንድ ዓይነት ጭንቀት ይዘው መጥተዋል። ሦስቱም ሥራቸውን ገና ሲጀምሩ “ተከታይ እናበዛላችኋለን” ለሚሉ ሰዎች ገንዘብ ከፍለዋል። ሦስቱንም ያንገበገባቸው የከፈሉት ብር አይደለም፤ ስማቸው ነው። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለእነሱ እኩዮችና ለወላጆቻቸው ነው።

ገበያው እንዴት ነው የሚሠራው?

ነገሩ የሚጀምረው በአጭር መልእክት ነው። “አንድ ሺህ ፎሎወር በዚህን ያህል ብር፣ አምስት ሺህ ላይክ በዚህን ያህል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርሳል” ይላል። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ወደ አንድ ግለሰብ ስም ይገባል። ብዙዎቹ ሻጮች ዕቃው የራሳቸው አይደለም። “ፓናል” ከሚሉት የውጭ አገር ድረ ገጽ በርካሽ ገዝተው አትርፈው የሚሸጡ ቸርቻሪዎች ናቸው።

የሚሸጠው ምንድን ነው? አንዱ ዓይነት በኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚንቀሳቀስ፣ ከጀርባው ሰው የሌለው አካውንት ነው። ሁለተኛው ዓይነት ከሌሎች ሰዎች የተሰረቀ ወይም በሌላ ሰው ስምና ፎቶ የተከፈተ ነው። ሦስተኛው ጥቂት ሳንቲም እየተከፈላቸው ቀኑን ሙሉ “ላይክ” ሲጫኑ የሚውሉ የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው። “አንተ እኔን ተከተል፣ እኔም አንተን” የሚባለው የልውውጥ ግሩፕም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ በብር ፈንታ ጊዜን ማስከፈሉ ነው።

ከሁሉም አንዳቸው እንኳ ቡና አይገዙም፤ ሹሩባ አይሠሩም፤ ለእርግዝና ክትትል ወደ ጤና ጣቢያ አይሄዱም።

የቡናው ልጅ

ከሦስቱ አንዱ ታሪኩን ስሙን ሳልጠራ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። የጎረቤቴ ልጅ ነው። አባቱ ዕድሜ ልካቸውን ቡና ያመረቱ፣ በሰብሳቢዎች ዘንድ “የእሳቸው ከሆነ ሳታየው ጫን” የሚባልላቸው ሰው ናቸው። ልጁ በግማሽ ኪሎ እያሸገ የአባቱን ቡና መሸጥ ጀመረ። በሁለት ወር ውስጥ ሁለት መቶ የማይሞሉ ተከታዮች አገኘ። ጥቂት ናቸው፤ ግን ሰዎች ናቸው። ጅማ ያሉ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ፣ አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቹ፣ የዘመዶቹ የሥራ ባልደረቦች ነበሩ። ከእነሱ መካከል በየሳምንቱ የሚያዝዝ አልጠፋም።

“ሲስተር፣ ሰው የሚያምነው ቁጥር አይቶ ነው አሉኝ” አለኝ። አሥር ሺህ ገዛ። በማግስቱ ሲነሳ ገጹ አሥር ሺህ ሞልቶ አገኘው።

ደስታው ሳምንት አልቆየም። አንድ ቪዲዮ ለጠፈ፤ ያየው አርባ ሰው አይሞላም። ከሥሩ የተጻፉት አስተያየቶች “ዋው”፣ “ናይስ” የሚሉ፣ አንዳንዶቹም እዚህ ማንም በማያነበው ፊደል የተጻፉ ነበሩ። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ሱቅ ያላቸው አንዲት ሴት ቡናውን በቋሚነት ሊወስዱ ፈልገው ገጹን አዩት። ደውለውም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፦ “ልጄ፣ አሥር ሺህ ሰው የሚከተልህ ከሆነ አርባ ብቻ የሚያይህ ለምንድን ነው?” መልስ አልነበረውም። እሳቸውም ሌላ ቃል ሳይጨምሩ በትሕትና ተሰናበቱት።

ከዚያ በኋላ ወሬው ወደ ቅርብ ሰው ተዛመተ። “ገጹ የውሸት ነው፤ ብር ልካችሁ እንዳትበሉ” የሚል መልእክት በአንድ የከተማው ልጆች ግሩፕ ውስጥ ዞረ። ቡናው አልተለወጠም፤ ከዚያው ጓሮ፣ ከእነዚያው እጆች የወጣ ነው። ግን “ተከታዩ ውሸት ከሆነ ቡናውስ?” የሚለው ጥያቄ ከተነሳ ማን ይመልሰዋል? ልጁን ያስለቀሰው ግን ይህ አይደለም። አባቱን በገበያ ቀን አንድ ሰው “ልጅዎ ምን እየሠራ ነው?” ብሎ የጠየቃቸው ቀን ነው። አባት በአርባ ዓመት ያቆሙት ስም በአንድ ሌሊት ግዢ ጥያቄ ውስጥ ገባ።

ልጁ ተደናግጦ ወደ ሻጩ ተመለሰ፤ “አጥፋልኝ” አለው። ሻጩም “ለማጥፋት ፓስወርድህን ላክ” አለ። ላከ። በዚያው ቀን ገጹ ከእጁ ወጣ።

በትልልቆቹም የደረሰ ነው

ይህ የእኛ አገር ልጆች ብቻ የወደቁበት ጉድጓድ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ዴቩሚ ስለሚባል አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ሰፊ ምርመራ አወጣ። ኩባንያው በዚያን ጊዜ ትዊተር ይባል በነበረው መድረክ ወደ 200 ሚሊዮን የሚጠጉ ተከታዮችን ከ200 ሺህ በላይ ለሆኑ ደንበኞች ሸጧል። ይህን ሁሉ ያደረገው 3.5 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑ አካውንቶችን ደጋግሞ በመሸጥ ነበር። ከእነሱ ውስጥ ቢያንስ 55 ሺህ ያህሉ የእውነተኛ ሰዎችን፣ አንዳንዴም ያልደረሱ ልጆችን ስምና ፎቶ የገለበጡ ነበሩ። ተከታይ የሚገዛ ሰው ሳያውቀው የሌላ ሰው ልጅ ፎቶ ሲነገድበት ተባባሪ ይሆናል ማለት ነው።

ዘገባው በወጣ በቀናት ውስጥ ከታዋቂ ሰዎች ገጾች ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተከታዮች ጠፉ። ከገዢዎቹ መካከል የተጠቀሰው የቺካጎ ሰን ታይምስ የፊልም ሃያሲ ሪቻርድ ሮፐር ጋዜጣው ጉዳዩን እስኪያጣራ ድረስ ጽሑፎቹ እንዳይወጡ ታግዶ ነበር። በኋላ ወደ ሥራው ቢመለስም፣ ለዓመታት አንባቢ የነበረው ሰው እንኳ በተገዛ ቁጥር ምክንያት አለቆቹ ፊት ለጥያቄ ቀረበ። ኩባንያውና ባለቤቱም በ2019 ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር ጉዳዩን ሲቋጩ የ2.5 ሚሊዮን ዶላር ውሳኔ ተላልፎባቸዋል። ይኸው ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ደንብ ለንግድ ሲባል የሐሰት ተከታይና የሐሰት ላይክ ማወቅ እየተቻለ መሸጥን ብቻ ሳይሆን መግዛትንም ከልክሏል። ቅጣቱ ለእያንዳንዱ ጥፋት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል።

መድረኮቹም በየጊዜው ያጠራሉ። ኢንስታግራም በታኅሣሥ 2014 ባደረገው ማጥራት ዘፋኙ ጀስቲን ቢበር ብቻውን ከ3 ሚሊዮን በላይ ተከታይ ቀንሶበታል። ፌስቡክ በ2019 የመጀመሪያ ሦስት ወራት ብቻ 2.2 ቢሊዮን ያህል የሐሰት አካውንቶችን ማስወገዱን ገልጿል። ዩቲዩብም በአጋርነት ፕሮግራሙ የማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል ከ2018 ጀምሮ 1,000 ሰብስክራይበርና በዓመት ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ ይጠይቅ ነበር። ሁለተኛው ቁጥር የተቀመጠው በከንቱ አይደለም፤ የተገዛ ሰብስክራይበር ቁጭ ብሎ ቪዲዮ አያይም።

እውነቱን ሳልሸሽግ ልናገር፤ ሁሉም የተገዛ ነገር አይያዝም። በላትቪያ ሪጋ የሚገኘው የኔቶ የስትራቴጂያዊ ኮሙኒኬሽን ማዕከል በ2019 ለሙከራ በ300 ዩሮ ከ50 ሺህ በላይ የሐሰት ላይክ፣ አስተያየት፣ ዕይታና ተከታይ ገዝቶ ነበር። ከአራት ሳምንት በኋላ ሲያይ ከተገዛው ከአምስቱ አራት እጅ ያህሉ እዚያው ነበር። ሻጮቹም “ማንም አይነቃባችሁም” የሚሉት ይህን ይዘው ነው። ኮምፒዩተሩ ላይነቃ ይችላል። የሱቋ ባለቤት ግን ነቅተዋል። ስም የሚሰጠውም የሚነሳውም በኮምፒዩተር ሳይሆን በሰው ነው።

ሌላም ጉዳት አለ። እነዚህ መድረኮች አዲስ ቪዲዮ ሲለጠፍ መጀመሪያ ለጥቂት ሰዎች ያሳዩና እነሱ ካዩት፣ ከወደዱትና ካጋሩት ወደ ሌሎች ያስፋፉታል። ከተከታዮቹ አብዛኞቹ ሙት አካውንቶች ከሆኑ የሚያይ የለም፤ ስለዚህ ቪዲዮው እዚያው ይቀራል። የገዛኸው ሰልፍ እውነተኛውን ደንበኛ ከኋላው ሸፍኖ ይቆማል።

ሕጋችንስ?

በእኛም አገር ቢሆን ቁጥር ቀላል ነገር አይደለም። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ የተሠራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ ቅጣቱን ያከብዳል፤ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ አስቡት፤ ሁለት መቶ ተከታይ የነበረው ወጣት አሥር ሺህ ሲገዛ ደንበኛ አላገኘም፤ ነገ ያላጣራውን ወሬ ቢያጋራ ግን “ተከታዮቼ እኮ የውሸት ናቸው” ብሎ ሊከራከር ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም ተጠቃሚን የሚያሳስት ማስታወቂያን ይከለክላል።

ከሙያዬ የማውቀው

በጤና ሥራ ውስጥ ስኖር ቁጥርና እውነት ተለያይተው ሲሄዱ አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ቤት ለቤት ሄዶ ሲጠይቅ፣ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ የወሰዱት 39 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በዚያን ጊዜ ከታች ወደ ላይ የሚላከው ሪፖርት ከዚህ እጅግ ከፍ ያለ ነበር። ሪፖርቱ ያማረ ነበር። ኩፍኝ ግን ሪፖርት አያነብም። ያልተከተበው ልጅ ያለበትን ቤት ፈልጎ ይገባል።

ለዚህ ነው ሦስተኛዋ ወጣት ስትነግረኝ ከሁሉም በላይ የደነገጥኩት። እሷ የምታስተምረው ስለ እርግዝና ክትትል ነው፤ የምትለውም ትክክል ነው። የገዛችው ተከታይ ሲታወቅባት ግን አንዲት ነፍሰ ጡር “የእሷን ምክር ተዉት፤ ሁሉ ነገሯ የውሸት ነው” አለች። ቡና ላይ የመጣ ጥርጣሬ ገቢ ይቀንሳል፤ ጤና ላይ የመጣ ጥርጣሬ ግን እናት ከክትትል ያስቀራል። ደም ግፊቷ የጨመረ ነፍሰ ጡር የቀረችበት አንድ ቀጠሮ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ማዋለጃ ክፍል የሠራ ሁሉ ያውቃል።

የቡና አገር ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። ያልበሰለ አረንጓዴ ፍሬ ከቀዩ ጋር ቢቀላቀል ሚዛን ላይ ኪሎ ይጨምራል። ስኒ ላይ ግን ይታወቃል። በሚቀጥለው ዓመት ያ ገበሬ ቀይ ብቻ ለቅሞ ቢያመጣ እንኳ ከረጢቱ ተዘርግፎ ይታያል። “እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል” የሚባለው ለዚህ ነው።

ለጀማሪዎች፦ ምን ይደረግ?

በገንዘብ መተዋወቅ ሁሉ መጥፎ ነው አላልኩም። ተከታይ መግዛትና ማስታወቂያ ማሠራት የተለያዩ ናቸው። ፌስቡክም ሆነ ሌሎቹ ራሳቸው የሚሸጡት ማስታወቂያ ሥራህን ለእውነተኛ ሰዎች ያሳያል፤ የወደደ ይከተልሃል፣ ያልወደደ ያልፋል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሆነ ብዙዎቻችን በአገናኝ በኩል እናሠራለን። አገናኙን ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁት፦

• “ይህን ያህል ተከታይ በእርግጠኝነት አመጣለሁ” ካለ አትክፈሉት። ማስታወቂያ የሚያሳይ ሰው ስንት ሰው እንደሚያይ ሊገምት ይችላል፤ ሰውን አስገድዶ ግን አያስከትልም።

• ማስታወቂያው ስንት ብር እንደወጣበት፣ በየትኛው ከተማ ለማን እንደታየ የሚያሳየውን የመድረኩን ሪፖርት ከስልኩ ላይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

• ፓስወርድና በስልክ የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አትስጡ። የፌስቡክ ገጽ ከሆነ ፓስወርድ ሳይሰጡ ለሌላ ሰው የተወሰነ ሥልጣን መስጠት ይቻላል። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም ዛሬውኑ ክፈቱ።

ቀድሞ ለገዛም መድኃኒት አለ። መጀመሪያ ፓስወርዱን ይቀይር። ቀጥሎ ግዢውን ያቁም፤ “ቁጥሩ እንዳይወርድ” ብሎ ደጋግሞ መግዛት ቁስል ላይ ፋሻ እየደራረቡ ከሥሩ አለማጠብ ነው። የሐሰት ተከታዮቹን ጥቂት በጥቂት ማስወጣት ይቻላል፤ እጅግ ከበዙ አዲስ ገጽ መክፈት ይቀላል። ከሁሉም በላይ ግን ለነባር ደንበኞች እውነቱን መንገር ነው። ሰው የተነገረውን ይቅር ይላል፤ ራሱ የደረሰበትን ግን አይረሳም።

እናንተ ወላጆችም “ስልክ ላይ ተጥዶ ይውላል” ከማለት አልፋችሁ ልጃችሁ ምን እንደሚሸጥ፣ ለማን እንደሚከፍል ጠይቁ። ስለ ቲክቶክ ማወቅ አይጠበቅባችሁም። ስለ ንግድና ስለ ስም ግን ከእነሱ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ገዢ ለሆናችሁም ቀላል መመዘኛ አለ፦ የተከታዩን ብዛት ካየው ሰው ብዛት ጋር አስተያዩ፤ አስተያየቶቹን አንብቡ። “ቡናው ደረሰኝ፣ እንዲህ አገኘሁት” የሚል አንድ ሰው ከሺህ “ዋው” ይበልጣል።

የቡናው ልጅ አዲስ ገጽ ከፍቷል። የመጀመሪያው ቪዲዮ ላይ ቀድሞ ተከታይ ገዝቶ እንደነበረና ገጹ እንደተወሰደበት በግልጽ ተናገረ። አባቱም አጠገቡ ቆመው የቡና ዛፎቹን አሳይተዋል። ከድሮዎቹ ሁለት መቶዎች የተመለሱ አሉ፤ ያልተመለሱም አሉ። የሱቋ ባለቤት እስካሁን አልደወሉም። ባለፈው ሳምንት የታዘዘለት ስድስት ግማሽ ኪሎ ነው፤ ስድስቱም ሰዎች ስማቸውን፣ ሰፈራቸውንና ቡናቸውን እንዴት እንደሚወዱት ያውቃል።